ከጫማ ሠሪ ቤት የወጣው የፊልም ጠቢብ

(ማሳሰቢያ፦ በዚህ ምንባብ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በኤውሮፓውያን አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው።)

በአሁኑ ጊዜ ፊልም ማየት ለብዙ ሰው የዘወትር ነገር ነው። ሰው በሰማይ ላይ ሲበር፣ ከፊታችን ቆሞ ሳለ ድንገት ሲሰወር ወይም ወደ ሌላ ዓለም ሲጓዝ በፊልም ብናይ እምብዛም አንደነቅም። ተንቀሳቃሽ ሥዕል በተጀመረበት ዘመን ግን ሁኔታው እንዲህ አልነበረም። በአገራችንም ቢሆን በአዲስ አበባ በመጀመሪያ የተከፈተውን ሲኒማ ቤት ሕዝቡ የሰይጣን ቤት ብሎ ይጠራው ነበር። ብርሃንና ጥላ ተባብረው በነጭ ሸራ ላይ ሰውን ሲያራምዱ ማየት፣ የሰው እጅ ሥራ አልመስል ብሎት ነበርና። ይህ አዲስ መሣሪያ ከማስደነቅ አልፎ ታሪክ ሊነገርበትና የሰው ልጅ ሕልም ሊገለጽበት እንደሚችል አስቀድመው ከተረዱት ሰዎች አንዱ ፈረንሳዊው ዦርዥ ሜሊዬስ ነው። የዚህ ሰው ሕይወት፣ አንድ ጠቢብ እንዴት እንደ ተነሣ፣ እንዴት እንደ ወደቀና ከመረሳት እንዴት እንደ ተመለሰ የሚያሳይ ታሪክ ነው።

ዦርዥ ሜሊዬስ ዲሴምበር 8 ቀን 1861 በፓሪስ ከተማ ተወለደ። አባቱ ከጠቅላይ ግዛት ወደ ዋና ከተማዋ መጥቶ በጫማ ሠሪነት ሙያ የተሰማራ ሠራተኛ ነበር። እናቱ የሆላንድ ተወላጅ ስትሆን፣ የእርሷም አባት በአገሩ ለቤተ መንግሥት ጫማ ይሠራ የነበረ ባለሙያ ነበር። ባልና ሚስቱ በትጋት ሠርተው ጥሩ ጥሩ ቦት ጫማ የሚያመርት ፋብሪካ ለማቋቋም በቁ፤ ሀብትም አፈሩ። ሦስት ወንዶች ልጆችንም ወለዱ፤ የሁሉም ታናሽ ዦርዥ ነበር። ይህ ልጅ በትምህርት ቤት ሳለ ደብተሮቹ ከጽሕፈት ይልቅ በሥዕል የተሞሉ ነበሩ። የመምህራኑን መልክ እያጋነነ ይሥላል፤ ከካርቶን ትንሽ የቲያትር መድረክ ሠርቶ አሻንጉሊቶችን ያጫውታል። ስለዚህም ይቀጣ ነበር፤ ሆኖም እጁን ከሥዕል የሚለይ ቅጣት አልተገኘም።

ትምህርቱን ከፈጸመ በኋላ በአባቱ ፋብሪካ ገብቶ ጫማ መስፋት ተማረ። በ1884 አባቱ የእንግሊዝኛ ቋንቋ ችሎታውን እንዲያሻሽልና የንግድ ሥራ እንዲለማመድ ወደ ለንደን ላከው። በዚያ ከተማ ኢጅፕሽያን ሆል በሚባለው አዳራሽ ታዋቂ ምትሐተኞች ትርኢት ያሳዩ ነበር። እንግሊዝኛው ገና ያልጠራለት ወጣት፣ ንግግር የበዛበትን ቲያትር ትቶ በዓይን ብቻ የሚታየውን ይህን ትርኢት አዘወተረ። ለንግድ የተላከው ልጅ የምትሐት ጥበብ ፍቅር አድሮበት ተመለሰ።

ወደ ፓሪስ እንደ ተመለሰ በሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ገብቶ ሥዕል ለመማር ፈለገ። አባቱ ግን ሥዕል እንጀራ አይሆንም በማለት ገንዘብ ሊከፍልለት አልፈቀደም። ስለዚህ ሳይወድ በፋብሪካው ውስጥ የማሽኖች ተቈጣጣሪ ሆኖ ሠራ። መኪና መፍታት፣ መግጠምና መጠገን የተማረው ያን ጊዜ ነው። ሳይወድ የተማረው ይህ ሙያ ኋላ ትልቅ ጥቅም እንደሚሰጠው በዚያን ጊዜ አላወቀም ነበር። በ1885 ኡዤኒ ዤነን የምትባል ሴት አገባ።

በ1888 አባቱ ሥራውን ለልጆቹ ሲለቅ፣ ዦርዥ ከፋብሪካው የደረሰውን ድርሻ ለወንድሞቹ ሸጠ። በገንዘቡም የሮቤር ኡዳን ቲያትር ቤትን ገዛ። ይህ ቲያትር ቤት ሮቤር ኡዳን በተባለው ስመ ጥር ፈረንሳዊ ምትሐተኛ ስም የሚጠራ ሲሆን፣ በዚያን ወቅት ተመልካቹ እየቀነሰበት ሄዶ ነበር። ሜሊዬስ መድረኩን አሳደሰ፤ በሚቀጥሉት ዓመታትም ከ30 የሚበልጡ አዳዲስ የምትሐት ትርኢቶችን ፈለሰፈ። መጋረጃውን የሚሥለው፣ መሣሪያውን የሚሠራው፣ በመድረክ ላይም የሚጫወተው እርሱ ራሱ ነበር።

በዲሴምበር 28 ቀን 1895 በፓሪስ በሚገኘው ግራን ካፌ፣ ሉሚዬር የተባሉት ወንድማማቾች የሠሩት ሲኒማቶግራፍ የተባለ መሣሪያ ለሕዝብ ታየ። ከተጋበዙት ሰዎች መካከል ሜሊዬስ ይገኝበት ነበር። በመጀመሪያ በሸራው ላይ የቆመ ፎቶግራፍ ባየ ጊዜ አዲስ ነገር አላገኘበትም። ወዲያው ግን ሥዕሉ ተንቀሳቀሰ፤ ፈረሶች ጋሪ እየጎተቱ፣ ሰዎችም እየተራመዱ ወደ ተመልካቹ መጡ። ሜሊዬስ በመደነቅ ብቻ አልተወሰነም፤ መሣሪያውን ለመግዛት 10,000 ፍራንክ አቀረበ። የመሣሪያው ባለቤቶች ግን አንሸጥም አሉ።

ሜሊዬስ በዚህ ተስፋ አልቈረጠም። በ1896 ወደ ለንደን ተሻግሮ፣ ሮበርት ፖል ከተባለ የመሣሪያ ሠሪ አንድ የፊልም ማሳያ ገዛ። ከዚያም የመሣሪያውን አሠራር ፈታትቶ አጠናና ፊልም የሚያነሣ ካሜራ አድርጎ ለወጠው። በጫማ ፋብሪካው ውስጥ የቀሰመው የመካኒክነት ሙያ የረዳው እዚህ ላይ ነው። በዚያው ዓመት ፊልም ማንሣትና በቲያትር ቤቱ ማሳየት ጀመረ።

የመጀመሪያዎቹ ፊልሞቹ እንደ ሌሎቹ ሰዎች ፊልሞች የመንገድና የገበያ ትዕይንቶች ነበሩ። እርሱ ራሱ ኋላ እንደ ተረከው፣ አንድ ቀን በኦፔራ አደባባይ ፊልም ሲያነሣ ካሜራው ተነክሶ ቆመ። አስተካክሎ ለማስቀጠል አንድ ደቂቃ ያህል ፈጀበት። ፊልሙ ታጥቦ ሲታይ፣ በአደባባዩ ያልፍ የነበረው የሕዝብ ማመላለሻ ጋሪ ድንገት ወደ አስከሬን መጫኛ ሠረገላ፣ ወንዶቹም ወደ ሴቶች ተለውጠው ተገኙ። ለሌላ ሰው የተበላሸ ፊልም የሚሆነው ነገር፣ ለምትሐተኛው አዲስ የጥበብ በር ከፈተለት። ካሜራውን አቁሞ ነገሩን ለውጦ እንደገና ቢያስነሣ፣ በመድረክ ላይ በብዙ ድካም የሚገኘው ምትሐት በቀላሉ እንደሚገኝ ተረዳ። በዚያው በ1896 በዚህ ዘዴ፣ በወንበር ላይ የተቀመጠች ሴት በዓይን ጥቅሻ ስትሰወር የሚያሳይ ፊልም ሠራ። የተጫወተችውም ዣን ዳልሲ የምትባል የቲያትር ቤቱ ተዋናይት ነበረች።

ከጥቂት ወራት በኋላ ከፓሪስ አጠገብ በምትገኘው በሞንትረይ፣ በቤተ ሰቡ ርስት ላይ የፊልም መሥሪያ ቤት አሠራ። የዘመኑ ፊልም ብዙ ብርሃን ይፈልግ ስለነበረ የቤቱ ግድግዳና ጣራ ከመስተዋት ነበር። በዚህ መስተዋት ቤት ውስጥ ሜሊዬስ ድርሰቱን ይደርሳል፣ መጋረጃውን ይሥላል፣ ተዋንያኑን ያሠለጥናል፣ ከሁሉም በላይ ብዙውን ጊዜ ዋናው ተዋናይ ራሱ ይሆናል። አንዱን ፊልም ወደ ኋላ እየጠቀለለ ደጋግሞ በማንሣት፣ አንድን ሰው ብዙ አድርጎ ማሳየት ቻለ፤ በ1900 በሠራው አንድ ፊልም ሰባት ሜሊዬሶች በአንድ መድረክ ላይ ተቀምጠው ሰባት ዓይነት የሙዚቃ መሣሪያ ሲጫወቱ ይታያሉ። ባለ ቀለም ፊልም ገና ባልተፈጠረበት በዚያ ዘመን፣ በኤሊዛቤት ቱዊልዬ የሥራ ቤት ውስጥ የነበሩ ሴቶች እያንዳንዷን ጥቃቅን ሥዕል በብሩሽ ይቀቡለት ነበር። አንዷ ሠራተኛ አንድ ቀለም ብቻ ትቀባና ለጎረቤቷ ታስተላልፋለች።

ከሥራዎቹ ሁሉ ስሙን በዓለም ያስጠራለት በ1902 የሠራው ወደ ጨረቃ የሚደረግ ጉዞን የሚያሳየው ፊልም ነው። የፊልሙን ሐሳብ ለማግኘት የዡል ቬርን ልብ ወለድ ድርሰት ረድቶታል። በፊልሙ ውስጥ ጠቢባን ተሰብስበው ይመክራሉ፤ በትልቅ መድፍ ጥይት ውስጥ ገብተው ወደ ሰማይ ይተኰሳሉ፤ ጥይቱም የሰው ፊት ባላት ጨረቃ ዓይን ላይ ይተከላል። ተጓዦቹ ከጨረቃ ነዋሪዎች ጋር ተዋግተው፣ አምልጠው ወደ ምድር ይመለሳሉ። የጨረቃ ነዋሪዎችን ሆነው የተጫወቱት ከታወቀ የፓሪስ ትርኢት ቤት የመጡ አክሮባቶች ነበሩ። ብዙዎቹ የዘመኑ ፊልሞች ከአንድና ከሁለት ደቂቃ ባያልፉም፣ ይህ ፊልም ሩብ ሰዓት ያህል ይወስዳል። ሥራው ሦስት ወር ፈጅቶ 10,000 ፍራንክ ያህል አስወጣ፤ ይህም በዚያን ጊዜ እጅግ የበዛ ወጪ ነበር። የሰው ልጅ በእውነት ጨረቃን የረገጠው ከዚህ ፊልም 67 ዓመት በኋላ፣ በ1969 ነው።

ፊልሙ በየአገሩ ተወደደ፤ ይሁን እንጂ ትርፉ በሙሉ ለሠሪው አልደረሰም። በአሜሪካ ያሉ ነጋዴዎች ያለ ፈቃዱ ቅጂውን እያባዙ ይሸጡ ነበር። ሜሊዬስ ይህን ለመከላከል በ1903 ወንድሙን ጋስቶንን ወደ ኒው ዮርክ ልኮ ቢሮ አስከፈተ። በፊልሞቹ መድረክ ላይም የድርጅቱ ምልክት የሆነውን ኮከብ አኖረ፤ ሌባ ፊልሙን ቢሰርቅ እንኳ የባለቤቱን ምልክት ማጥፋት እንዲያቅተው ነው።

ከ1908 ወዲህ የፊልም ሥራ ከጥበብ ቤት ወጥቶ ወደ ትልቅ ኢንዱስትሪ ተለወጠ። ብዙ ካፒታል ያላቸው ድርጅቶች በየሳምንቱ አዳዲስ ፊልሞችን ያወጡ ጀመር። ቀደም ሲል የፊልም ቅጂ ይሸጥ ነበር፤ ኋላ ግን ማከራየት ተለመደ። እያንዳንዱን ነገር በገዛ እጁ ይሠራ የነበረው ሜሊዬስ ከዚህ ፍጥነት ጋር ሊራመድ አልቻለም። የተመልካቹም ስሜት ተለወጠ፤ ሕዝቡ ከተረትና ከምትሐት ይልቅ የዕለት ኑሮውን የሚመስል ታሪክ ማየት ፈለገ። ሜሊዬስ ግን የሚያውቀውንና የሚወደውን ጥበብ አልተወም። በ1911 ፓቴ ከተባለው ትልቅ የፊልም ድርጅት ጋር ተዋዋለ፤ ለሚወስደውም ገንዘብ የሞንትረይን ርስት በመያዣነት ሰጠ። በዚህ ገንዘብ የሠራቸው ፊልሞች ገበያ አላገኙም። በ1913 ፊልም መሥራቱን አቆመ፤ በዚያው ዓመት ባለቤቱ ኡዤኒ ሞተችበት።

በ1914 የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ሲፈነዳ ቲያትር ቤቱ ተዘጋ። በጦርነቱም ወቅት የፈረንሳይ ጦር ሠራዊት ከ400 የሚበልጡ የሜሊዬስ ፊልሞችን ቅጂ ወሰደ። ቅጂዎቹ ቀለጡ፤ ከውስጣቸው ብር ወጣ፤ ሴሉሎይዱም የወታደር ጫማ ተረከዝ ተሠራበት። ጫማ ሠሪ አልሆንም ብሎ ከአባቱ ቤት የወጣው ሰው፣ የዕድሜው ድካም ዞሮ ጫማ ሆነ። በ1923 ዕዳው ስለ ጸናበት የሞንትረይን ርስት ለቀቀ። የሮቤር ኡዳን ቲያትር ቤትም በዚያው ዓመት ለመንገድ ሥራ ሲባል ፈረሰ። በመስተዋት ቤቱ አጠገብ ተከማችተው የነበሩትን የፊልም ኔጋቲቮች የሚያኖርበት ቦታ አጣ። በተስፋ መቁረጥና በንዴት ተሞልቶ ሁሉንም በገዛ እጁ አቃጠላቸው።

ከሁለት ዓመት በኋላ የቀድሞ ተዋናይቱን ዣን ዳልሲን አገባ። እርሷ በፓሪስ በሞንፓርናስ ባቡር ጣቢያ ውስጥ የልጆች መጫወቻና ከረሜላ የሚሸጥባት አንዲት ትንሽ ሱቅ ነበረቻት። ሰዎችን ወደ ጨረቃ የወሰደው ሰው በብርድም በሙቀትም በዚያች ሱቅ ተቀምጦ ለመንገደኞች አሻንጉሊት ሸጠ። ከባቡር የሚወርዱትና የሚሳፈሩት ብዙ ሺህ ሰዎች አጠገቡ ያልፋሉ፤ ማንነቱን የሚያውቅ ግን አልነበረም። ብዙ ሰው ሜሊዬስ ከሞተ ቆይቷል ብሎ ያስብ ነበር።

ይሁንና የሲኒማ ፍቅር ያደረባቸው ጥቂት ሰዎች የድሮ ፊልሞችን ታሪክ መመርመር ጀምረው ነበር። ከ1926 ወዲህ ጋዜጠኞች የት እንዳለ ደርሰውበት ስለ እርሱ መጻፍ ያዙ። አንድ የሲኒማ ቤት ባለቤትም ጠፍተዋል ከተባሉት ፊልሞች የተወሰኑትን ፈልጎ አገኘ። በዲሴምበር 16 ቀን 1929 በፓሪስ በሳል ፕሌዬል አዳራሽ ለእርሱ ክብር ታላቅ ምሽት ተዘጋጀ። ፊልሞቹ ታዩ፤ ሽማግሌው በአዳራሹ ሕዝብ ፊት ቆሞ ጭብጨባን ተቀበለ። በ1931 የፈረንሳይ መንግሥት የሌዢዮን ዶነር ኒሻን ሰጠው። ኒሻኑን በደረቱ ላይ ያደረገለት ሉዊ ሉሚዬር ነበር፤ ከ36 ዓመት በፊት መሣሪያቸውን አንሸጥም ካሉት ወንድማማቾች አንዱ ማለት ነው።

ኒሻኑ ክብር እንጂ እንጀራ አልሆነለትም፤ ስለዚህ ከሱቁ ለመውጣት ሌላ አንድ ዓመት ያህል ጠበቀ። በ1932 ለፊልም ሥራ ባለሙያዎች ጡረተኞች በተዘጋጀው፣ በኦርሊ በሚገኘው ቤት ከባለቤቱና ከልጅ ልጁ ጋር እንዲኖር ተደረገ። በዚያም ወጣት የፊልም ወዳጆች እየመጡ ይጠይቁት ነበር። ከእነዚህ አንዱ፣ በ1936 የፈረንሳይን ሲኒማቴክ ከመሠረቱት ሰዎች መካከል የሆነው ኦንሪ ላንግልዋ ነው። ወጣቶቹ የሰበሰቧቸውን የድሮ ፊልሞች የሚያኖሩበት ቦታ ስላጡ፣ በኦርሊ ግቢ የነበረ ባዶ ቤት ተከራዩ። የቤቱንም ቁልፍ ለሜሊዬስ ሰጡት። የገዛ ፊልሞቹን ያቃጠለ እጅ የሌሎችን ፊልሞች መጠበቂያ ቁልፍ ያዘ።

ዦርዥ ሜሊዬስ በተወለደ በ76 ዓመቱ፣ ጃንዋሪ 21 ቀን 1938 በካንሰር በሽታ በፓሪስ ሞተ፤ በፔር ላሼዝ መካነ መቃብርም ተቀበረ። በሕይወቱ ከሠራቸው ከ500 በላይ ከሆኑት ፊልሞች ውስጥ ዛሬ 200 ያህሉ ተገኝተዋል። እነዚህም የተረፉት በአብዛኛው ወደ ልዩ ልዩ አገሮች የተሸጡ ቅጂዎች በየቦታው ተቀምጠው በመቆየታቸው ነው። በ1993 በእጅ ቀለም የተቀባ የጨረቃ ጉዞ ፊልም ቅጂ በባርሴሎና ተገኘ። ፊልሙ እርስ በርሱ ተጣብቆ እንደ ድንጋይ ደርቆ ነበር። ባለሙያዎች ከ13,000 የሚበልጡትን ጥቃቅን ሥዕሎች ለመመለስ ብዙ ዓመታት ደከሙ፤ በ2011 በካን የፊልም በዓል ላይ ለሕዝብ ታየ።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛው፣ ሰው በመንገዱ የሚያጋጥመውን እንቅፋት ሁሉ እንደ ጥፋት መቍጠር የለበትም፤ የተነከሰ ካሜራ ለሜሊዬስ መምህር ሆኖታልና። ሁለተኛው፣ የጥበብ ሥራ መፈጠሩ ብቻ በቂ አለመሆኑ ነው። መጽሐፍ ይቀደዳል፣ ሥዕል ይደበዝዛል፣ ፊልም ይቃጠላል። ጠቢቡ የሠራውን የሚጠብቅ ወገን ከሌለ፣ ሥራው ከባለቤቱ ቀድሞ ይሞታል። የሚጠብቅለት ወገን ካገኘ ግን ከመቃብር በላይ ይኖራል።

መልመጃ አንድ፦ ቀጥሎ ለቀረቡት ጥያቄዎች በምንባቡ መሠረት በሙሉ ዓረፍተ ነገር መልሱ።
1. ሜሊዬስ ሳይወድ የተማረው ሙያ ኋላ የጠቀመው እንዴት ነው?
2. በኦፔራ አደባባይ ካሜራው መቆሙ ምን አዲስ ዘዴ አስተማረው?
3. የሜሊዬስ የፊልም ሥራ የወደቀው በምን በምን ምክንያቶች ነው?
4. ሜሊዬስ ኔጋቲቮቹን በማቃጠሉ ልንፈርድበት ይገባልን? አስተያየታችሁን ከነምክንያቱ ግለጹ።

መልመጃ ሁለት፦ የሚከተሉትን ቃላትና ሐረጎች በምንባቡ ውስጥ ያላቸውን ፍቺ ከገለጻችሁ በኋላ፣ በየራሳቸው ዓረፍተ ነገር ሥሩባቸው።
ስመ ጥር፣ በዓይን ጥቅሻ፣ በመያዣነት፣ ዕዳ ጸናበት፣ መካነ መቃብር

መልመጃ ሦስት፦ ከምንባቡ ውስጥ «ይሁን እንጂ»፣ «ሆኖም»፣ «ስለዚህ» እና «ይሁንና» የገቡባቸውን ዓረፍተ ነገሮች አውጥታችሁ፣ እያንዳንዱ አያያዥ ምን ዓይነት ሐሳቦችን እንዳያያዘ አስረዱ።

መልመጃ አራት፦ በአካባቢያችሁ በእጅ ሙያው፣ በዜማው ወይም በሌላ ጥበቡ ይታወቅ ስለነበረ፣ አሁን ግን በሕይወት ስለሌለ ሰው ሽማግሌዎችን ጠይቁ። ያገኛችሁትን በቅደም ተከተል አቀናብራችሁ ከሦስት አንቀጽ ያላነሰ የሕይወት ታሪክ ጻፉ። የሰውየው ሥራ ዛሬ በማን እጅ እንደሚገኝ መግለጽ አትርሱ።